የነጣው የባሕር አበባ

«ያ አበባ በስብሷል! ሽታው እኔ ቤት ድረስ ነው የሚመጣው።»

ይህን የሚሉት እትዬ ይመናሹ ናቸው። ቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ ይሉታል። ዳቦ ቤት ደጃፍ ቆመው ይሉታል። ከጸሎት ቤት ሲወጡ፣ «አሜን» ያሉበት አፋቸው ሳይደርቅ ይሉታል።

ልብ በሉልኝ። በእትዬ ይመናሹ ቤትና አበባው ባለበት ቤት መካከል የፍየል ጋጣ አለ። የፍየል ጋጣ አልፎ የሚመጣ የአበባ ሽታ እኔ አላውቅም። እናንተ ታውቃላችሁ? ወሬ ግን አፍንጫ አያስፈልገውም፤ ምላስ ይበቃዋል።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

አንዲት እናት ነበረች። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን። ሰፈሩ የትርሲት እናት ይላታል። ሳሎኗ ውስጥ፣ ቴሌቪዥን በሚቀመጥበት ቦታ፣ የመስታወት ገንዳ አላት፤ የባሕር ዓሣ የሚኖርበት። ወንድሟ ፈለቀ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው። ሌላው ሾፌር ቴምርና ሽቶ ሲያመጣ እሱ በቢጫ ጀሪካን የባሕር ውሃ ያመጣል። ድንጋይ ያመጣል። አንድ ጊዜም እንደ ብርቱካን የቀላች፣ ነጭ መቀነት የታጠቀች ትንሽ ዓሣ አመጣ። «ዕብድ ነው» ይሉታል ጓደኞቹ። ዕብድስ አይደለም። ባሕር የሌለው አገር ሰው ነው።

አንድ ቀን ባልዲ በእግሮቹ መካከል አጥብቆ ይዞ መጣ።

«ምንድን ነው ደግሞ?» አለችው እህቱ።

«የባሕር አበባ። ነጩ ዝርያ ነው፤ ብርቅ! እንዲህ ያለው አይገኝም።»

ነጭ ነበር፤ ወተት የመሰለ። ጣቶች የመሰሉ ቅጠሎቹ በውሃው ውስጥ ይወዛወዛሉ። ሰፈሩ እየተጠራራ መጣ። እትዬ ይመናሹም መጡ፤ ያኔ «የመላእክት እጅ ይመስላል» ያሉት እሳቸው ነበሩ። አስታውሱልኝ።

አሁን አንድ ነገር ላስተምራችሁ። ኮሌጅ ገብቼ አይደለም ያወቅሁት፤ ጠይቄና አንብቤ ነው፤ ስለዚህ ዲፕሎማዬን አትጠይቁኝ። ያ ነገር አበባ አይደለም። ስሙ ብቻ ነው አበባ። እንስሳ ነው። አፍ አለው፤ መሐሉ ላይ። ጣቶች የመሰሉን፣ ምግብ የሚይዝባቸው እጆቹ ናቸው። እግርም አለው፤ አንድ እግር፣ ከሥሩ፣ ድንጋይ ላይ የሚጣበቅበት። ቦታው ካልተስማማው በዚያች አንዲት እግሩ ቀስ እያለ ሄዶ ሌላ ቦታ ይፈልጋል። ቆሞ የሚጠብቅ ተክል እንዳይመስላችሁ።

ያን ሁሉ ማን ያውቃል? የትርሲት እናት ጌጥ ነው ብላለች። ዳቦ እየፈረፈረች ጣል ታደርግለታለች።

በዚያው ሰሞን ልጇ ትርሲት ከቤሩት ተመለሰች።

የሄደችው ድሬዳዋ ያበሰላት፣ የደስ ደስ ያላት፣ ከወንዶቹ ጋር አስፋልት ላይ የምትከራከር ጠይም ልጅ ነበረች። የመጣችውስ? የመጣችው ነጭ። ዝም ያለች። ዓይኗ መሬት ላይ። ነይ ሲሏት የምትመጣ፣ ተቀመጪ ሲሏት የምትቀመጥ።

ሰፈሩ ምን አለ መሰላችሁ? «ምን ደርሶብሽ ነው?» አለ? አላለም!

«ኧረ ትርሲት! እንዴት ቀልተሻል! ምን ብትቀቢ ነው?»

«ጨዋነቷ ደግሞ! እዚያ አገር ሰው አድርገው ላኳት።»

እኛም እዚህ ጸሎት ቤት ተነሥተን አመሰገንን። ዝምታዋን መንፈሳዊነት ብለን ጠራነው። እኔ ፊተኛው ነኝ፤ እናንተም ነበራችሁ።

ለእናትየው ግን ደስታ ሆነ። ቤቷ ውስጥ ሁለት ነጭ ነገር አላት፤ ሁለቱንም ሰው ያደንቅላታል። ታዲያ ምን አደረገች? የድሬዳዋን ፀሐይ ታውቁታላችሁ። የሳሎኗን መስኮት በወፍራም መጋረጃ ዘጋችው። የገንዳውን መብራት አጠፋችው። ከላዩ ላይ ፎጣ ጣል አደረገችበት። «ፀሐይ ያጠቁርብኛል» አለች። ለልጇም እንደዚያው። «ውጪ አትውጪ። ገላሽን ፀሐይ እንዳይነካው። ከወጣሽም ጃንጥላ ያዢ።» ለምን ብትሉ፣ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊመጣ ነዋ! አንድ ባለሱቅ በአምልኮ ላይ አይቷት ወድዷታል። «ነጭና ዝምተኛ» ብሏል አሉ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ አላደርገውም። ያየውን ነው የተናገረው።

ትርሲትስ? እሷን ማን ጠየቃት! ዝም ካለች እሺ ብላለች ማለት ነው። በእኛ ዘንድ የሴት ልጅ ዝምታ ፊርማ ነው፤ አይደለም እንዴ?

እንግዲህ ያቺ ልጅ በዚያ ጨለማ ሳሎን ውስጥ፣ ከገንዳው ፊት ለፊት ወንበር ስባ ትቀመጣለች። ትመለከተዋለች። አበባው ይበልጥ እየነጣ፣ እየኮሰመነ፣ ጣቶቹ እየሳሱ ነው። ያቺም ብርቱካን ዓሣ አትጠጋውም፤ ከውሃ ማጣሪያው ጀርባ ተሸጉጣ ትውላለች።

አንድ ቀን እናትየው ዳቦ ስትፈረፍር ልጅቷ አፏን ከፈተች።

«እማ፣ ዳቦ አይበላም።»

እናት ደነገጠች። ልጇ ሳትጠየቅ ስትናገር ከመጣች ጀምሮ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ምን አልሽ?»

«ዳቦ አይበላም። ደግሞ ዝርያው ነጭ አይደለም። ታሞ ነው የነጣው።»

«ምን ታውቂያለሽ አንቺ! ፈለቀ ብርቅ ነው ብሎኛል። ይልቅ እንግዳ ፊት እንዲህ እንዳትናገሪ።»

ልጅቷ ጨርሳ ዝም አለች ብላችሁ ጠበቃችሁ? እናት ገበያ ስትወጣ ተነሥታ ፎጣውን ገፈፈችው። መጋረጃውንም ከፈተች፤ ግን በአንዴ አይደለም። የመጀመሪያ ቀን እንደ እጅ መዳፍ ያህል። በማግስቱ ትንሽ ጨመር። ለአጎቷ ስልክ ደውላ «ጋሼ፣ ሽሪምፕ አምጣልኝ፣ ያን ጣት የሚያክል የባሕር ፍጥረት፤ ጥቂት ይበቃል» አለችው። እንደ ምስር ክክ አድርጋ እየከተፈች በወረንጦ ይዛ ጣቶቹ ላይ ታኖርለታለች። ጣቶቹ ሲጨብጡ፣ አፉ ሲከፈት፣ ሲውጥ ታያለች። «ጎሽ» ትለዋለች። ከበረሃው ሙቀት የተነሣ ውሃው ሲጎድልም አጎቷ እንደለመደው የባሕር ውሃ ሊጨምርበት ሲል እጁን ያዘችው። «ጋሼ፣ የሚተነው ውሃው ነው፤ ጨው አይተንም። ባሕር በባሕር ላይ ብትደርብበት በጨው ትገድለዋለህ። ንጹሕ ውሃ ነው የሚጨመረው።» ፈለቀ ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠ። ስንት ጀሪካን በከንቱ ተሸክሟል!

ከዚያስ? ከዚያ አበባው መጥቆር ጀመረ።

መጀመሪያ ከሥሩ። ከዚያ ወደ ጣቶቹ። ቡናማ፤ የተቆላ ገብስ የመሰለ። እትዬ ይመናሹ አንድ ቀን ስኳር ሊበደሩ ገብተው አዩት። «በስብሷል!» ብለው ወጡ። ያ ነው ወሬው። የመላእክት እጅ ያሉትን ረሱት። ሰፈሩን በአንድ እግራቸው ዞሩት። ሳምንትም ሳይቆይ ወሬው ቅጥያ አበቀለ፦ «አበባው ብቻ መሰላችሁ? ልጅቷም ተበላሽታለች። ፀሐይ ላይ ትቆማለች፤ ጠቁራለች። ትናንት ስትስቅ ከጋጣው ወዲህ ሰማኋት።»

ስትስቅ ሰማኋት! ይሄ ነው ክሱ።

የትርሲት እናት ወሬው ሲደርስባት ደሟ ፈላ። ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ቀናት ቀርተዋል። ሳሎን የበሰበሰ ነገር ይዛ ልትቀበላቸው ነው? ባልዲ አነሣች፤ ጭልፋ አነሣች።

«ዛሬ ይወጣል ይሄ ነገር!»

ትርሲት ከገንዳው ፊት ቆመች። «እማ፣ አልሞተም።»

«ጠቁሯል እኮ! ሰው ሁሉ እያየ!»

«ሰው ሁሉ ቀለሙን ነው የሚያየው። እግሩን እዪው። በጣትሽ ነካ አድርጊው፤ ከሥሩ።»

«እኔ? አልነካም!»

«ግድ የለሽም፤ እጅሽን ስጪኝ።»

የእናቷን እጅ ይዛ ውሃው ውስጥ አስገባችው። እናት ዓይኗን ጨፍና ነካችው። አጥብቆ ይዟል። ቢስቡት የማይላቀቅ፤ ከድንጋዩ ጋር አንድ የሆነ።

«የሞተ ቢሆን እግሩ ድንጋዩን ይለቅ ነበር» አለች ልጅቷ። «ይሟሟ ነበር። ሽታው ደግሞ እትዬ ይመናሹን አይደለም፣ ፍየሎቹንም ያሰድዳቸው ነበር።»

እናት ሳታስበው ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «አንቺ ይሄን ሁሉ ከየት አመጣሽው?» አለቻት።

ያኔ ነው ልጅቷ የተቀመጠችው። ያኔ ነው የተናገረችው።

«እዚያ የነበርኩበት ቤት እንዲህ ያለ ነበራቸው። ቡናማ ነበር። በበጋ ሙቀት ሲበረታ ቤተሰቡ ወደ ተራራ ይወጣል፤ መስኮቱን ሁሉ ዘግተው፣ በሩን ከውጭ ቆልፈው። ምግብ ይተዉልኛል። እኔና እሱ ጨለማ ውስጥ እንቀራለን። ሲመለሱ ነጭ ሆኖ አገኙት። እመቤቲቱ ጮኸች፤ የሚያክመው ሰው አስጠራች። ሰውየው ተቆጣት። ‹በሥጋው ውስጥ ጥቃቅን ነገሮች ይኖራሉ፤ ቡናማው ቀለም የእነሱ ነው፤ ብርሃን እየተቀበሉ የሚመግቡት እነሱ ናቸው። ሲጨልምበት፣ ሲጨነቅ አውጥቶ ይጥላቸዋል፤ ይነጣል። ይሄ ውበት አይደለም፤ ረሃብ ነው› አላት። እኔ ባልዲ ይዤ አጠገባቸው ቆሜያለሁ።»

ትንፋሿን ሰበሰበች።

«እኔም ነጥቼ ነበር እማ። ለእሱ ሰው ጠሩለት። ለእኔ ማንም አልጠራም። አገሬ ስገባ ደግሞ ሁሉም ‹እንዴት አምሮብሻል!› አለኝ።»

ወገኖቼ፣ እናትየው ምን ብላ መለሰች ትሉኝ ይሆናል። ባልዲውን አስቀመጠች። ሄዳ መጋረጃውን ከነዘንጉ አወረደችው።

ግን ታሪኩ እዚያ አላለቀም። መጋረጃ ማውረድ ቀላል ነው። ሰው ፊት መቆም ነው ከባዱ።

ሽማግሌዎቹ መጡ። ትልቁ ጋሽ ወንድይፍራው ናቸው፤ ነጭ ጋቢ፣ ረጅም ዘንግ። እትዬ ይመናሹም ማንም ሳይጠራቸው ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። ትርሲት ለስላሳ ይዛ ገባች፤ ጠይም፣ ቀና ያለች። ጋሽ ወንድይፍራው ወደ ገንዳው አዩ።

«የበሰበሰ የሚባለው አበባ ይሄ ነው?»

«ጣትዎን አስገብተው ይጠይቁት አባባ» አለች ትርሲት።

«ይናከሳል እንዴ?»

«ለማያውቀው ይቆጠቁጣል።»

ሽማግሌው ሳቅ አመለጣቸው፤ ቶሎ ሰበሰቡት። ወደ እናቷ ዞረው፣ «ዝምተኛ ናት ብለውን ነበር» አሉ።

«ነበርኩ አባባ» አለች ልጅቷ። «ታምሜ ነበር።»

የጠርሙሱ ጋዝ ሲንሿሿ ይሰማል።

«ለላከዎት ሰው እንዲህ ይበሉልኝ» አለች። «አልተቀየምኩትም። ግን ያያት ሴት እኔ አይደለሁም። ያየው የታመመችዋን ነው። አሁን ለማንም አልሄድም።»

«ጉድ!» አሉ እትዬ ይመናሹ። «አላልኳችሁም? ተበላሽታለች አላልኩም?»

ጋሽ ወንድይፍራው እጃቸውን አንሥተው አስቆሟቸው። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «የትርሲት እናት፣ ቤቱ ያንቺ ነው። አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሉ።

አሁን አስቡ። ይህች ሴት ባሏ የሞተባት ናት። ሰፈሩ ነው ዘመዷ። ሽማግሌ ባዶ እጁን የሸኘ ቤት ስሙ ምን እንደሚሆን ታውቃለች። አንድ ቃል ነው የሚጠበቅባት፤ «ልጅ ናት፣ አታውቅም» ብትል ነገሩ ይቃናል፤ ልጅቷም ትመለሳለች፤ ወደ ጨለማው። ያቺ ልጅ ገንዳውን ተደግፋ እናቷን እያየች ነው። አንድ ቃል!

እናት ሻሿን አስተካከለች።

«አባቶቼ፣ አክብራችሁ መጣችሁ፤ እግዚአብሔር ያክብራችሁ» አለች። «ልጄ ግን ገና መምጣቷ ነው። ገና አልጠገብኳትም።»

በቃ። ሌላ አልጨመረችም። ጋሽ ወንድይፍራው ለስላሳቸውን እስከ መጨረሻው ጠጡ፤ ተነሡ፤ ሲወጡም የልጅቷን ራስ ዳብሰው «ተባረኪ» አሉ። እትዬ ይመናሹ ከሁሉ ቀድመው ወጥተው ነበር፤ ወሬ ሲቀዘቅዝ አይጥምማ!

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

እዚህ ከተቀመጣችሁት ውስጥ ቤቱ የነጣ ሰው የሌለው ማነው? «ልጄ ጨዋ ነው፣ ከክፍሉ አይወጣም» የምትል እናት፣ ልጅሽ ጨዋ ነው ወይስ ርቦታል? «ሚስቴ ቃል አይወጣት» የምትል ወንድም፣ ቃሏ የት ሄደ? ማን አስተፋት? ኳየር ውስጥ ዘማሪ ሆና ከመዝሙሩ በቀር ድምፅዋን ሰምተን የማናውቅ እህት የለችንም? ነጠላዋ ነጭ ስለሆነ ብቻ ዳነች ብለን አልፈናታል!

አውቃለሁ፣ አንዳንዳችሁ እንደ በረዶ ስለ መንጣት የተጻፈውን ልትመዙብኝ ገጽ እያገላበጣችሁ ነው። አስቀምጡት፤ እኔም አንብቤዋለሁ። እግዚአብሔር የሚያጥበው እድፍን ነው፤ ደምን አይደለም። ሳቃችሁን አያጥብም። ክርክራችሁን፣ ጥያቄያችሁን፣ እናታችሁ የወለደችላችሁን መልክ አያጥብም። እሱን የሚያጥበው ፍርሃት ነው። እኛ ደግሞ ፍርሃት ያጠበውን ሁሉ ቅዱስ እንላለን።

ሰው መዳን ሲጀምር አያምርም፤ ይህን ያዙልኝ። የዳነ ሰው መጀመሪያ የሚያወጣው ድምፅ መዝሙር ላይሆን ይችላል። «አይሆንም» ሊሆን ይችላል። ዝም ብላ የኖረች ልጅ ቀና ብላ ስትመልስላችሁ «ተበላሸች» ለማለት አትቸኩሉ። ቀለሟ እየተመለሰ እንደሆነስ? ደግሞ መብራት አገኘን ብላችሁ በአንዴ አትደቅኑባት። መዳፍ ያህል፤ ነገ ትንሽ ጨመር። እንደ ምስር ክክ ያለች ፍቅር፤ የምትዋጥ። ሰው በእንጀራ ክምር ብቻ ሳይሆን በስብከት ክምርም ይታነቃል፤ እኔም ስለዚህ አላስረዝምም።

እናንተም ራሳችሁ የነጣችሁ፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጣችሁ፣ «በቃ አልቆልኛል» የምትሉ፣ ቀለማችሁን አትዩ። እትዬ ይመናሹንም አትስሙ። እጃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ እግራችሁን ዳስሱ። ድንጋዩን ይዟል? ዛሬ እዚህ የመጣችሁት ይዞ ስለሆነ ነው! የለቀቀ ሰው እዚህ ድረስ አይመጣም። እግሩ የያዘ ሁሉ ቀለሙ ይመለሳል። ብርሃን ብቻ አትከልክሉት።

ያ አበባ ዛሬ እንደ ሳፋ ሰፍቷል። ያቺ ተሸጉጣ የምትውለው ብርቱካን ዓሣም ከማጣሪያው ጀርባ ወጥታ ጣቶቹ መካከል ትተኛለች። ሌላውን የሚቆጠቁጠው እሷን አይነካትም።

አንዲት ነገር ቀርታኛለች።

ባለፈው ሰሞን ፈለቀ ከጅቡቲ ገብቶ ቤቱን ሞልተውት አገኛቸው፤ የሰፈር ሴቶች፣ እትዬ ይመናሹ ሳይቀሩ፣ ትርሲት አበባውን ስታበላ ሊያዩ ተሰብስበዋል። ከገንዳው ፊት ቆመና ራሱን አከከ።

«አንድ ነገር ደብቄያችሁ ነበር» አለ። «ዓሣ አጥማጁ ያኔ ነግሮኛል። ‹ከባሕር ሳወጣው ቡናማ ነበር፤ ባልዲዬ ውስጥ ሙቀት መትቶት ነው የነጣው፤ ታሟል፣ ተወው› ብሎኝ ነበር። ነጭ ዝርያ የሚባል የለም። ስላማረኝ ነው ያመጣሁት።»

ትርሲት ወረንጦዋን እንደያዘች፣ ዞራም ሳታየው፣

«ጋሼ፣ ትንሽ ዞር በል» አለችው፤ «ብርሃኑን ከልለህበታል።»